ጓደኞቼ አለቀሱ፣ አንጋፋው ሙዚቀኛ «ማስታወሻ ደብተር ነው» አለኝ፤ ማንን ልመን?

ጠያቂው የ24 ዓመት ወጣት ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ይኖራል። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሮክ ይጫወታል። ስምንት ዘፈን ያለው አልበም ቀድተው ጨርሰዋል። ግጥሙም ዜማውም የእሱ ነው፤ ሁሉም ስለ ገዛ ቤቱ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ፤ በዚያው ቀሩ። እናቱ ብቻቸውን አሳደጉት። ጥያቄውን በራሱ ቃል ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ አልበሙን ለጓደኞቼ ሳሰማቸው አለቀሱ። አንድ የማከብረው አንጋፋ ሙዚቀኛ ግን ‹ይሄ ዘፈን አይደለም፣ ማስታወሻ ደብተር ነው› አለኝ። አክስቴ ደግሞ ‹የቤታችንን ገበና አደባባይ ልታሰጣው ነው?› ብላ አኩርፋኛለች። የአሜሪካው ሮክ ባንድ የዊዘር ‹ፒንከርተን› አልበም ሲወጣ ሐያሲዎች ሁሉ አፈር ድሜ አብልተውት፣ በኋላ ድንቅ ሥራ ነው እንዳሉ አንብቤአለሁ። ታዲያ ሐያሲ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገባው? የሚሉትን ትቼ ልልቀቀው?»

ሁለት ዘፈኖችም በቴሌግራም ልኮልኛል።

የፒንከርተን ታሪክ ተዛብቶ ነው የደረሰህ። ውሳኔህን በእሱ ላይ ልታቆም ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እናቃና። አልበሙ የወጣው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 1996 ነው። ያኔ የሐያሲዎች አቀባበል የተደበላለቀ ነበር። የወደዱት ነበሩ፣ ያልጣማቸውም ነበሩ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጠው፤ ቅሬታው ግጥሞቹ ልጅነት ይበዛባቸዋል የሚል ነበር። የዓመቱ መጥፎ አልበሞች ተርታ ውስጥ የከተቱት ግን የመጽሔቱ አንባቢዎች ናቸው፣ በድምፅ መስጫ። አንባቢ ማለት እዚህ ጋ አድማጭ ነው። ስለዚህ «ሐያሲ አይገባውም፣ የአድማጭ ልብ ግን ያውቃል» የሚለው ሐሳብህ በዚህ ታሪክ አይደገፍም። በሩን ጠርቅሞ የዘጋው አድማጩ ነው።

ለምን ዘጋው? የባንዱ የመጀመሪያ አልበም በ1994 ወጥቶ በሚሊዮን ተሸጧል። ፕሮዲውሰሩ፣ ማለትም ቀረጻውን የመራው ሰው፣ ሪክ ኦኬሴክ ነበር፤ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ዜማው የሚያዝ፣ ቀልድ ያለበት ሥራ ነው። ሁለተኛውን ባንዱ ራሱ ፕሮዲውስ አደረገው። ጊታሩ ይጮሃል፣ ድምፁ አንዳንድ ቦታ ይሰነጠቃል፣ ያልተሞረደ ነገር ይበዛበታል። በዚህ መሀል ዘፋኙና ግጥም ጸሐፊው ሪቨርስ ኩሞ ሕይወቱ ተቀይሯል። አንድ እግሩ ከሌላው ያጥር ስለነበር ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ እግሩን ለማስረዘም በብረት ማሰሪያ ለወራት ታሰረ። ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በምርኩዝ እየሄደ፣ ሰው ሳይቀርበው ከረመ። ዘፈኖቹ የዚያ ጊዜ ብቸኝነት ናቸው። ከጃፓን አንዲት ወጣት አድናቂ የጻፈችለት ደብዳቤ አንዱ ዘፈን ውስጥ ገብቷል። አድማጩ የመጀመሪያውን አልበም ጨዋታ ፈልጎ ነው የመጣው። ያገኘው ግን የአንድ ሰው መኝታ ቤት ነው። አልበሙ የአሜሪካ ሠንጠረዥ ላይ 19ኛ ሆኖ ገባ፤ ከዚያ ወረደ።

የመጀመሪያ ሰሞን ምላሽ የሚነግርህ በጠበቁትና ባገኙት መካከል ያለውን ርቀት ነው። ሥራው ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ብዙም አይነግርህም። ለሐያሲም ለአድማጭም፣ ለእንባም ለስድብም እንደዚያው ነው። የራስህንም ሁኔታ በዚህ ዓይን እንድታየው እፈልጋለሁ።

ፒንከርተን በኋላ እንዴት ተነሣ? ብቻቸውን ክፍላቸውን ዘግተው የሚያዳምጡ ወጣቶች ከእጅ ወደ እጅ አዞሩት። ኢሞ የሚባለውን የሮክ ዘርፍ ይጫወቱ የነበሩ ባንዶች ከእሱ ተማሩ። ብዙ ለተሸጠ አልበም በአሜሪካ ከሚሰጠው ዕውቅና በ2001 የወርቁን፣ በ2016 የፕላቲነሙን አገኘ። ሮሊንግ ስቶን በ2004 እንደገና ገምግሞ አምስት ኮከብ ሰጠው። ኩሞ ራሱ በ2001 አልበሙን በሕዝብ ፊት የተፈጸመ የሚያም ስሕተት አድርጎ ይናገርለት ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው የባንዱ አልበምም ከራሱ ሕይወት ራቅ ያለ ነው። ዓመታት አልፈው ታረቀው። በ2010 ባንዱ መድረክ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጫወተው። ነገሩ እዚያም አላበቃም። ቆየት ብለው የመጡ አድማጮችና ሐያሲዎች የእስያ ሴቶች በግጥሞቹ የተሳሉበት መንገድ እንደማይመቻቸው ጽፈዋል። ፍርዱ አሁንም ክፍት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ታሪክ የሰማኸው አልበሙ ስለተነሣ ነው። ተተችተው እዚያው የቀሩ፣ መቅረትም የነበረባቸው የግል ኑዛዜ አልበሞች ብዙ ናቸው፤ ታሪካቸውን የሚነግርህ የለም። «ፒንከርተንም ተሰድቦ ነበር» የሚለው ማጽናኛ እንጂ ማስረጃ አይደለም። መተቸት የትልቅነት ምልክት ቢሆን ኖሮ ሥራችን ቀላል በሆነ።

ደግሞ ገና በወጣበት ቀን የተከበረ የኑዛዜ አልበምም አለ። ጆን ሌነን ከቢትልስ መፍረስ በኋላ በ1970 መጨረሻ ላይ ያወጣውን የ«ፕላስቲክ ኦኖ ባንድ» አልበም አዳምጥ። የመጀመሪያው ዘፈን በደወል ይጀምራል፤ ዝግ ብሎ፣ እንደ ቀብር ደወል። ከዚያ አንድ ድምፅ እናቱን ይጠራል። ሌነን ትንሽ ልጅ ሳለ አባቱ ጥለውት ሄደዋል። እናቱም እሱ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በ1958 በመኪና ተገጭተው ሞተዋል። ዘፈኑ ይህን ዝርዝር አይነግርህም። ያለው ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ከበሮና ድምፅ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ድምፁ ወደ ጩኸት ይቀየራል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሰምቶት የራሱን እናት ያስባል። ስለዚህ ኑዛዜነቱ ወይም ሻካራነቱ ብቻውን አድማጭን አያባርርም። ልዩነቱን ያመጣው ሌነን የቀነሰው ነገር ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የላክህልኝ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው፤ ስለ ስድስቱ አልፈርድም።

አንደኛው አዝማቹ «ለምን ተውከን» እያለ የሚደጋገመው ነው። ድምፅህ ጥሩ ነው፣ ሕመሙም እውነት ነው። ግን ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ድምፅህን ጣሪያ ላይ አውጥተኸዋል። ከዚያ በላይ መውጫ አላስቀረህም። ሁለተኛው ቤት ላይ የአክስትህን ስም ጠራህ፤ ሦስተኛው ላይ አባትህ በየወሩ ይልኩት የነበረውን ገንዘብ መጠን፣ የቀረበትን ወር ሳይቀር ዘፈንክ። አድማጩ ያን ጊዜ ዘፈን መስማቱን ትቶ የቤተሰብ ሽምግልና ላይ ይቀመጣል። ማን ልክ ነው፣ ማን አጠፋ ይላል። አንጋፋው ሙዚቀኛ «ማስታወሻ ደብተር» ያለህ ይህን ከሆነ ልክ ነው።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ከበር ጀርባ የተሰቀለው ሰማያዊ የሥራ ቱታ። እናትህ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አውርደው ያጥቡታል፣ ያሰጡታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። የሚለብሰው የለም። አንዴም አላለቀስክም፣ አንዴም «ናፈቀኝ» አላልክም። ቁልፉ አንገቱ ጋ አንድ መጉደሉን ብቻ ነገርከን። ይህን ሰምቶ ሰውዬው ደብተር ነው ብሎህ ከሆነ ተሳስቷል፤ በደንብ አላዳመጠም። የዚህ ዘፈን ባለቤት አንተ ብቻ አይደለህም። ድሬ ውስጥ ስንት ቤት ነው በር ጀርባ ልብስ የተሰቀለው? በባቡር የሄደ፣ በባሕር የሄደ፣ ዐረብ አገር የሄደ። ሁሉም የራሱን ልብስ ያያል።

የአንጋፋዎች ጆሮ ከምን እንደተሠራ ማወቅም ይጠቅምሃል። በእኛ አገር ዘፈን ባብዛኛው የብዙ ሰው ሥራ ነው። ግጥሙን አንዱ ይጽፋል፣ ዜማውን ሌላው ይደርሳል፣ አቀናባሪው ያቀናብራል፣ ድምፃዊው ይዘፍናል። ስለዚህ ድምፃዊው «ከዳችኝ» ሲል ማንም ሚስቱን አይጠረጥርም። «እኔ» የሚለው የሁሉም ሰው እኔ ነው። ትዝታውም እንጉርጉሮውም በዚህ ነው የኖሩት፤ ግለሰቡ ዜማው ውስጥ ይደበቃል፣ ሰሚው የራሱን ሐዘን ይሞላበታል። አንተ ደግሞ ራስህ ጽፈህ፣ ራስህ ደርሰህ፣ ራስህ ዘፍነህ፣ የሰፈርህን ስም ጠርተህ መጣህ። ጆሮው አልለመደውም። ጃኖ ባንድ በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ሮክን ከአማርኛ ዜማ ጋር አድማጭ ፊት አቅርቧል፤ ስለዚህ የጊታር ጩኸት አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆነው በስም የተጠራው ቤትህ ነው። ይህ ግን አታድርገው ማለት አይደለም። አድማጩ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ አንተ ልትሰጠው ይገባል።

የጓደኞችህን እንባ በተመለከተ ግልጽ ልሁን። እንባቸው ውሸት አይደለም። ግን እናትህን ያውቃሉ። ቡናቸውን ጠጥተዋል፣ ቤታችሁ አድረዋል። ያለቀሱት ለእሳቸው ይሁን ለዘፈኑ አንተም እነሱም መለየት አትችሉም። ደግሞ ያሰማሃቸው ከሰዓት በኋላ፣ በርጫ ላይ እንደነበር ጽፈሃል። አቦ፣ የድሬ ልጅ ነህ፣ ታውቀዋለህ። ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር ይጠልቃል፤ ተራ ዜማም ሆድ ያባባል። በዚያ ሰዓት የተሰጠ ፍርድ በማግሥቱ ጠዋት ድጋሚ መሰማት አለበት። የሙዚቃ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን በዚህ ሰዓት «አለቀ፣ ልቀቀው» ተብሎ የተለቀቀ፣ በኋላ ባለቤቱን ያስቆጨ ሥራ አይቻለሁ።

የአክስትህን ኩርፊያ ግን «አሮጌ አስተሳሰብ ነው» ብለህ አትለፈው። ከሦስቱ አስተያየቶች በጣም የሚከብደው የእሳቸው ነው። ታሪኩ የአንተ ነው፤ ግን ያንተ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ስም ቢጠራ ሰው ላያውቅ ይችላል። ድሬ ላይ ከከዚራ እስከ መጋላ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ለመድረስ ሁለት ሰው ይበቃል። ባጃጅ ውስጥ ሲከፈት አክስትህ ገበያ እየሄዱ ይሰሙታል። አንተ አጨብጭበውልህ ወደ ቤት ትገባለህ። እሳቸው ግን አሸዋ ገበያ ላይ ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየ ነው ሽንኩርት የሚገዙት።

አማራጮች አሉህ። አንዱ ስሙንና የገንዘቡን መጠን ከግጥሙ መሰረዝ ነው፤ ዘፈኑ ምንም አይጎድልበትም፣ እንዲያውም ይቀልለዋል። ሌላው ገጸ ባሕርይ መፍጠር ነው። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ አባል ሮጀር ዋተርስ አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944፣ ጣሊያን አንዚዮ ላይ ሲሞቱ እሱ ገና ጡት አልጣለም ነበር። በ1979 በወጣው «ዘ ዎል» አልበም ያን ሐዘን ፒንክ ለሚባል ሰው ሰጠው። ሐያሲዎች ያኔም ተከፋፍለዋል፤ አንዳንዱ ለራስ ማዘኑ በዛ ብሏል። አልበሙ ግን አሜሪካ ውስጥ 15 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ገጸ ባሕርይ ሲኖር እውነቱን ማለሳለስ አያስፈልግህም፤ ዘመድህም ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ጉዳቱ ደግሞ ይህ ነው፦ እንደ ቱታው ያለ ዘፈን በገጸ ባሕርይ አፍ ሲነገር ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም ዘፈን አልመክረውም። ለመጀመሪያው ግን ሞክረው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አልቀበልህም። «ለምን ተውከን» መግቢያ ላይ አባትህ በስልክ የላኩልህን የድምፅ መልእክት አስገብተሃል። ሳያውቁ። ይህ ከግጥም ይለያል። ግጥም ያንተ ትዝታ ነው፤ ድምፁ ግን የእሳቸው ነው፣ ለአንተ ብቻ ብለው የተናገሩት። የፒንከርተን የደብዳቤው ዘፈን ላይ ዛሬም ሰው ቅር የሚለው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው፤ አንዲት ልጅ ለአንድ ሰው የጻፈችው ነገር ዓለም ሰማው። ድሬና ጅቡቲ ደግሞ ጎረቤት ናቸው። እሳቸው ሲሰሙት የሚሰማቸውን አስበው።

ስለ ድምፁም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም አድማጭ «አልገባኝም» ሲል ብዙ ጊዜ ግጥሙን ሳይሆን ሚክሲንጉን፣ ማለትም ድምፆቹ የተቀላቀሉበትን መንገድ፣ ነው የሚከሰው። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ማዛባት) የበዛበት ጊታር ድምፅህ ያለበትን ቦታ ሁሉ ይይዘዋል። ቃልን ከቃል የምንለየው ባብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ባለው ድምፅ ነው። ሁለቱ ጊታሮችህ እዚያው ተጋድመዋል። «ቱታ» የሚለው ቃል ሁለተኛው ቤት ላይ «ኡአ» ሆኖ ነው የተሰማኝ። ዘፈኑ በዚያ ቃል ላይ ነው የቆመው! ጊታሮቹን በዚያ መስመር ቀንስ፣ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ግፋ፣ መሀሉን ለድምፅህ ተው። ኮርዱን፣ ማለትም በአንድ ላይ የምትመታቸውን ኖታዎች፣ ግን አትንካው። ሦስተኛውን ኖታ የተውክባቸው ኮርዶች ከትዝታ ቅኝት ጋር አልተጣሉም። እሱን በደንብ ነው የሠራኸው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አልበሙን አሁን አትልቀቅ። ሚክሲንጉን አስተካክል። ከዚያ ቤተሰብህን ለማያውቁ አራት አምስት ሰዎች አሰማ። ጠዋት ይሁን። ከእነሱ ውስጥ አፋቸውን በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የፈቱ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ይኑሩበት። ድሬ ላይ ይህን ሰው ፍለጋ ሩቅ አትሄድም። አሊ ቢራን የሚያህል ሰው ያፈራ አካባቢ ነው። እሱ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ ዘፍኖ ቋንቋውን የማይሰማው ሰው ሳይቀር ወዶታል። ስሜቱ በዜማው ውስጥ ካለ እነዚህ ሰዎች ይነግሩሃል። በቃላቱ ብቻ ከሆነ ያለውም ያስታውቃል። «ወደዳችሁት?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሰው ይሉኝታ ይዞት ወደድኩ ይላል። «ስለ ምንድን ነው? ምኑ ትዝ አላችሁ?» በል። አንተም ከክፍሉ ውጣ፤ ፊትህን እያዩ አይመልሱልህም።

እናትህ ግን ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ በፊት፣ ብቻቸውን ይስሙት፤ አክስትህ ቀጥለው። ፈቃድ ብቻ አትጠይቅ። የትኛው ስንኝ እንዳሳመማቸው ጠይቅ። አንድን ዘፈን ጨርሶ እንዳታወጣ ቢሉህ እናትህ እስኪረጋጉ አቆየው። ሰባት ዘፈን ያለው አልበም የተሟላ አልበም ነው።

ስትለቅ የቱታውን ዘፈን ለብቻው አስቀድም፤ ቢያንስ ሁለት ወር ይቆይ። መግለጫ አትጻፍበት፣ ታሪክህንም ቃለ መጠይቅ ላይ አትተርክ። አድማጩ ከአንተ ምን መጠበቅ እንዳለበት ከዚህ ዘፈን ይወቅ። ያኔ ጩኸቱ ሲመጣ ማን እየጮኸ እንደሆነ ያውቃል። ፒንከርተን ያላገኘው ዕድል ይህ ነው፤ ቀልድ አስለምዶ ድንገት ሐዘን ይዞ ነው የመጣው። አስተያየቶቹን የመጀመሪያ ወር ላይ አትቁጠር። ስድስት ወር ሲሞላ ተመለስ፤ ማን አሁንም እያዳመጠው እንደሆነ፣ የትኛውን ስንኝ ሰው በራሱ አፍ እንደሚደግመው ተመልከት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሐያሲ ቢተችህ ቁጭ ብለህ አንብበው፤ በዚያን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሥራው ይሆናል።

አባትህ ጋ ደግሞ ደውል። ድምፃቸውን ልትጠቀምበት እንደምትፈልግ በግልጽ ንገራቸው፣ ዘፈኑንም ላክላቸው። እሺ ካሉ ይግባ። እምቢ ካሉ ወይም ስልኩን ካላነሡ ድምፃቸውን ከዘፈኑ ሰርዘው፤ መግቢያውን በጊታር ብቻ አራት ባር ተጫወትና ወደ ግጥሙ ግባ።